ከመኪናው ጋር በመጣው ሬዲዮ ላይ ሰብዉፈር ስለመጨመር

በዚህ ከተማ የምንኖር ተማሪዎች ገንዘብ እያዋጣን አሮጌ መኪና በጋራ መግዛት ከጀመርን ወዲህ፣ በየመኝታ ቤቱ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ የመኪናው ሬዲዮ ጉዳይ ሆኗል። እንደሚታወቀው ከፋብሪካ የሚመጣው ሬዲዮ ለዜና ይበቃል፤ ዘፈን ሲከፈት ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 መሐሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተውን «ኧረ መላ መላ» በእንዲህ ያለ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው፣ ድምፃዊውንና ሳክስፎኑን ሰምቶ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ጊታር በቅጡ ሳይሰማ ከመኪናው ይወርዳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ያህል ዝግ ያለ ርግብግቢት ለማሰማት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ በበሩ ውስጥ የተተከለው 16 ሳንቲ ሜትር ስፒከር ግን ስፋቱም ጉልበቱም አይፈቅድለትም። ሰብዉፈር የሚባለው ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ፣ በሳጥን ውስጥ የሚቀመጥና የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ስፒከር ነው።

ብዙዎቻችን ሬዲዮውን አውልቀን ሌላ መግዛት ግዴታ ይመስለን ነበር። ግዴታ አይደለም። የፋብሪካው ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ የለውም፤ ይሁን እንጂ ወደ ኋላ ስፒከሮች ከሚሄዱት ሽቦዎች ድምፁን መጥለፍ ይቻላል። ስለዚህ ሲገዙ ከስፒከር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበል አምፕሊፋየር መጠየቅ ነው፤ ከሌለ የስፒከሩን ኃይል ዝቅ አድርጎ የሚያስተላልፍ አነስተኛ መለወጫ መሀል ላይ ይገባል። የየትኛው ሽቦ ፖዘቲቭ፣ የየትኛው ኔጌቲቭ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ሲል ትንንሾቹን ስፒከሮች ለማዳን ቤዙን ራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሰብዉፈሩም አብሮ ቢደክም ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ከሻጩ ጋር መጣላት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አምፕሊፋየሩ ኃይሉን የሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪው በሚመጣ ወፍራም ሽቦ ነው። እኛ አምስታችን በጋራ በያዝናት መኪና ላይ ሥራውን ስንጀምር፣ ፊውዙ በማግሥቱ ይገዛል ብለን ሽቦውን እንዲሁ ዘረጋነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አላደረግንለትም ነበርና፣ የላሜራው ጠርዝ ልባሱን ፋቀው። ከሆስፒታል የሌሊት ተራ ስንመለስ ከክሩስኮቱ ሥር ጢስ ወጣ። ኮፈኑን ከፍተን የባትሪውን ማሰሪያ እስክንፈታ ድረስ የሽቦው ልባስ እንደ ሻማ ቀልጦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ እጁ ተቃጥሎ፣ ከወጣንበት ሆስፒታል በታካሚነት ተመልሶ ገባ።

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር ሲነካካ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊያፈስ ይችላል። ፊውዙ በዋነኛነት የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ስለሆነም ቦታው ከአምፕሊፋየሩ ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ መሆን አለበት። ለ150 ዋት አምፕሊፋየር 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ የመዳብ ሽቦና 20 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። በርካሽ የሚሸጠው፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም፣ ለዚህ ሥራ አይታመንም። ማሳው ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ በብሎን ይጥበቅ፤ ርዝመቱም ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። የኃይሉ ሽቦ በአንድ ወገን፣ የድምፁ ሽቦ በሌላው ወገን ቢሄድ ሞተሩ ሲነሣ ከሚሰማው ፉጨት መዳን ይቻላል። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ በዚህ አገር የበጋ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ማጣሪያው 80 ኸርዝ ላይ ይሁን። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው የፌዙን መቀየሪያ ወዲያና ወዲህ ያድርገው፤ ቤዙ በርትቶ በተሰማበት በኩል ይተውት። «ጌይን» የተባለው ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ሬዲዮውን እስከ ሦስት አራተኛ ከፍቶ፣ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር አሳድጎ፣ ከዚያ መለስ ማድረግ ነው።

ሕክምና እንደሚማሩ ሰዎች ስለ ጆሮ ጥቂት ብንል አንባቢ ይቅር ይበለን። ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው፤ በተለይ ድምፁ ዝቅ ሲል። ስለዚህ ሰው ቤዙን ለመስማት ሲል ሁሉንም አብሮ ከፍ ያደርጋል። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መመዘኛ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የቤልጅየም ሐኪሞች ቶራክስ በተባለው መጽሔት፣ ኃይለኛ ሙዚቃ ሲያዳምጡ ሳንባቸው አየር አፍስሶ የተኮማተረባቸውን የአራት ሰዎች ሁኔታ አቅርበዋል፤ አንደኛው 1000 ዋት የቤዝ ሳጥን በገጠመበት መኪናው ውስጥ ነበር። ይህ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። የአምቡላንስ ጡሩምባ አለመስማት ግን ብርቅ አይደለም።

ደግሞም ትልቅ ኃይል አያስፈልግም። የእኛ ከወንበር ሥር የሚገባ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፒከር ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ሪኮም አሁን በደንብ ይሰማል። ትልቅ ሳጥን ከኋላ የሚጭን ካለ በጠንካራ ማሰሪያ ይሰረው፤ በግጭት ጊዜ ወደ ተሳፋሪው ይወረወራልና።

ቴስተሩና የሽቦ መላጫው ከማኅበሩ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ባለፈው ወር ናስትሮውን የወሰደ ወንድማችን ግን ቢመልስልን ደስ ይለናል።