የጉልት ሴቶች ሠዓሊ፣ የሠዓሊዎች መምህር

በምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ላይ በገበያ ቀን በርበሬ ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ ያስነጥሰዋል፤ ማየት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አካባቢው በበርበሬ ምርቱ የታወቀ ስለሆነ ክምሩ ዓይን ይስባል። ከክምሩ ኋላ ግን ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች ሴት አለች። ሰው ይጋፋል፣ አህያ ያልፋል፣ ዋጋ ይጠራል፤ እሷ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። በፍኖተ ሰላምም፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ስሟን ባስጠራላት በማንኩሳም፣ ጉልት ባለበት ሁሉ ትገኛለች። አብዛኞቻችን ዋጋ ጠይቀናት እናልፋለን። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ግን ዓመታት ሙሉ የሣሉት እሷን ነው።

ታደሰ የጎጃም ሰው አይደሉም፤ በ1945 ዓ.ም. ግድም ወልድያ ተወለዱ። በሥዕሎቻቸው የምናያቸው ሴቶች ግን የጉልት ነጋዴዎች ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባለው ተከታታይ ሥራቸው ሴቶቹ ከሸራው ግርጌ እስከ አናቱ ተዘርግተው ይቆማሉ። ከፊት ያለችው ግዙፍ ናት፤ ከኋላ ያሉት አንሰው በትከሻዋና በክንዷ መካከል ብቅ ይላሉ። ርቀቱን የሚነግር መንገድ ወይም አድማስ አይታይም። የገበያው ግርግር ሁሉ ተወግዷል፤ የቀረው የሴቶቹ አቋም ነው። የሚለምን ወይም የሚያስተዛዝን ፊት አላየሁባቸውም። ድህነትን ለማሳየት ብሎ ሰውን ማሳነስ ቀላል ነው፤ ታደሰ ያንን አላደረጉትም። በሥራቸው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።

እነዚህን ሥዕሎች ስመለከት የሚታወሰኝ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በዚያም ሰዎቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ዓይናቸው ትልቅ ነው፣ ቦታው ጥልቀት የለውም። ጻድቁ ሙሉ ፊቱ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል፤ ክፉው በጎን ይዞርና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የጎጃም ልጅ ይህን ሕግ የሚማረው ፊደል ሳይቆጥር፣ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደግሞ ድሮም ቢሆን መምህር ነበር። የደብር ሥዕል የሚሠራ ሊቅ ብቻውን አይሠራም፤ ደቀ መዝሙር ይኖረዋል። ልጁ ቀለም ይፈጫል፣ ይበጠብጣል፣ ሥዕሉ የሚሠራበትን ጨርቅ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ያግዛል። ሲበረታ የልብሱን ቀለም እንዲሞላ፣ እጥፋቱን እንዲያሰምር ይፈቀድለታል። ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመምህሩ ይቀመጣል። ጎጃም ሠዓሊ ሲጠራ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ አይዘለሉም፤ በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ ተማርከው መጥተው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የዘለቁ፣ ብሩሽ የያዘ እጃቸው የጎጃምንም ታሪክና ትውልድ የጻፈ ሰው ናቸው።

ይህን የመምህርና የደቀ መዝሙር ሥርዓት ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያሻገሩት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ሰላሌ የተወለዱት አለ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቤተሰብ ወጥተው በአሜሪካ የቺካጎ ሥነ ጥበብ ተቋም ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ሠዓሊ ሆኖ መኖር ብቻ አልበቃቸውም፤ ወጣቶችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ጥረታቸው ፍሬ አፍርቶ በሐምሌ 1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። በ2008 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የገባው ትምህርት ቤት ስማቸውን ይዞ «አለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት» ይባል ነበር።

ታደሰ የተማሩት በዚሁ ቤት ነው። ከመምህሮቻቸው አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበሩ፤ ሐረር ተወልደው፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምረው የተመለሱ ሠዓሊና ገጣሚ። ገብረ ክርስቶስ ሰው ወይም ዛፍ ሳያሳዩ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ረቂቅ ሥዕል ይዘው በመምጣታቸው በዘመኑ ብዙ ክርክር አስነስተዋል። በ1973 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ አረፉ። ተማሪያቸው ታደሰ ግን መላልሰው የሣሉት ሰውን ነው። የመምህራቸውን እጅ ሳይሆን ድፍረታቸውን ወርሰዋል እላለሁ። ከዚያ ሌኒንግራድ ሄደው የሰውነትን አሠራርና ንድፍን በሚያጠብቀው በሶቪየት ሥርዓት ተማሩ። በ1970ዎቹ ተመልሰው በተማሩበት ቤት መምህር ሆኑ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም እዚያው አስተማሩ።

ይህ የማስተማር ሥራ ምን ይመስላል? ሥዕልን በቃል ብዙ አይማሩትም። ተማሪው ከሰል ወይም እርሳስ ይዞ ከፊቱ የተቀመጠውን ዕቃ ወይም ሰው ይነድፋል። መምህሩ ከኋላ መጥቶ ያያል። ትከሻው ከፍ ብሏል፣ ክብደቱ ያረፈው በዚህኛው እግር ነው፣ ጥላው ከየት መጣ ይላል። ተማሪው ያጠፋል፣ እንደገና ይነድፋል። ከስንት እንዲህ ያለ ምልልስ በኋላ ዓይኑ ይከፈትና እጁ ይከተለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመምህሩ ፈተና ይከብዳል፤ ተማሪው እሱን እንዳይመስል መተው አለበት። ቀኑን ሙሉ በሌላው ሸራ ላይ ያለውን ችግር ሲፈታ የዋለ ሰው ማታ ለራሱ ሸራ የሚተርፈው ጉልበትም ጥቂት ነው። የታደሰ ሥራዎች በውጭ አገር ጋለሪዎች በሰፊው መታየት የጀመሩት ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈ በኋላ መሆኑ አያስደንቀኝም።

ያስተማሯቸው ግን ቀድመው ተሰራጭተዋል። አዲስ ገዛኸኝ ከተማን በድርብርብ ይሠራል። የመሪኮከብ ብርሃኑ ሥራዎች ወደ ረቂቁ ያዘነብላሉ። በ1998 ዓ.ም. የተመረቀው ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ ወደ ጀርመን ስቱትጋርት ዘልቆ ተጨማሪ ትምህርት ተማረ፤ እዚያ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሮ አዲስ አበባ ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት የተወከለችው በእሱ ሥራዎች ነው። የተስፋዬ ሰዎች በጠባብ ክፍል የታጨቁ፣ እግርና እጃቸው የተጠላለፈ፣ ተመልካቹን አፍጥጠው የሚያዩ ናቸው። ከታደሰ እርጋታ ጋር ጎን ለጎን ቢሰቀሉ አስተማሪና ተማሪ ናቸው ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። ጠጋ ብሎ ላየ ግን አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱም ለተሣለው ሰው ቦታውን ሁሉ ይለቁለታል።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ እጁ ለሥዕል የሚፈጥን ልጅ ይህን መንገድ ለመያዝ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ፣ ከትምህርት ውጤቱ በተጨማሪም የንድፍ ፈተና መፈተን ይጠበቅበታል። በአለ ትምህርት ቤት ከቀለም ቅብና ከቅርጻ ቅርጽ ጎን የሥነ ጥበብ መምህርነትም ይሰጣል። ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የመጀመሪያ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርትም የእይታ ጥበባትን ያካትታል። ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ሳይሆን ለራሱ ይዋል ብዬ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የቡሬ ወይም የጃቢ ጠህናን ልጅ ለፈተናው ለመለማመድ ውድ ቀለም አያሻውም። ጀበና ወይም በርጩማ፣ እርሳስና ወረቀት፣ እንዲሁም መስመሩን አይቶ የሳተበትን ቦታ በጣቱ የሚያሳየው መምህር ይበቁታል።