ከየካ አባዶ እስከ ሜክሲኮ

ባለፈው እሑድ ከማታ ተማሪዎቻችን ጋር አዲስ አበባን ልናይ ወጣን። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ፣ እኛ አስተማሪዎቹ ሦስት ነበርን። የውጭ አገር እንግዶችን እያዞረ የሚያስጎበኝ አንድ ወጣት ያለ ክፍያ አብሮን ዋለ። ለሚኒባሱ ግን አዋጥተን ከፈልን።

የካ አባዶን ለማታውቁ እንንገራችሁ። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ የእንጦጦ ጋራዎች ወደ ምሥራቅ በሚዘረጉበት በኩል ነው። ዛሬ አባዶ ሲባል ሰው የሚያውቀው ኮንዶሚኒየሙን ነው። ኮንዶሚኒየም ማለት ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሕንፃ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆኖ የሚኖርበት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ቦታው እርሻ ነበር። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሚኒባሱ በሕንፃዎቹ መካከል ሲያልፍ በጣታቸው እያሳዩ፦

«እዚያ ጤፍ፣ ከሱ ወዲያ ምስር። ያቺ ልብስ የተሰጣባት ደግሞ አውድማችን ነበረች» አሉን።

መሬቱ ሲወሰድ ወረቀት ቀረበላቸው። በአውራ ጣታቸው አሻራ ፈረሙ። ምን እንደሚል አላነበቡትም፤ ያኔ ፊደል አይለዩም ነበርና። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኛም የምንለው ጠፋን።

መጀመሪያ እንጦጦ ወጣን። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ብርዱ አይጣል ነው። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት የአፄ ምኒልክ ከተማ እዚህ ነበረች። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም እዚሁ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን ቤተ መንግሥት ስናይ ተማሪዎቻችን ተገረሙ። ግንቡ የት አለ? ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር ነው።

«ይኼማ የኛው ቤት ነው፤ ሰፋ አለ እንጂ» አሉ እትዬ። ሁላችንም ሳቅን።

ታዲያ ንጉሡ ለምን ወረዱ? አስጎብኚው እንዲህ አስረዳን። ጋራው ለጦር ይመቻል፤ ለኑሮ ግን አይመችም። ብርድ ነው፣ ማገዶም አለቀ። ከታች ሜዳው ላይ፣ በኦሮምኛ ፊንፊኔ ከሚባለው ስፍራ፣ ፍል ውሃ ይፈልቃል። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ከተማ ተቆረቆረ፤ እቴጌይቱም አዲስ አበባ አሉት። አዲስ አበባ ማለት አዲስ አበባ ነው፤ ትርጉም አይፈልግም።

ማገዶ ግን እዚያም አለቀ። ከተማው እንደገና ሊነሣ ነበር። አፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማውን ከስደት ካዳኑት ነገሮች አንዱ ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

እዚህ ላይ እትዬ የአስጎብኚውን ቃል ተቀበሉት። ወደ አባዶ ከመምጣታቸው በፊት ሽሮ ሜዳ ይኖሩ ነበር። ከዚህ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ በጀርባቸው አዝለው እየወረዱ ይሸጡ ነበር።

«ከተማውን ዛፉ አዳነው አልክ አይደል ልጄ? ዛፉን ማን አወረደው? ዛፉ በእግሩ አልወረደም!» አሉት።

አስጎብኚው ዝም አለ። ከዚያም «እውነትዎን ነው እትዬ፤ ከእንግዲህ ለእንግዶቼም እነግራለሁ» አለ። የሚናገር እንደሆነ እናያለን።

በሽሮ ሜዳ፣ የአበሻ ልብስ ተሰቅሎ በሚሸጥበት መንገድ ወረድን። ስድስት ኪሎን አልፈን ፒያሳ ደረስን። አፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ የተቀመጡበትን ሐውልት አየን። ሐውልቱ የቆመው በ1923 ዓ.ም. ነው። ጣልያን አገራችንን ሲወር አፍርሶ ቀበረው፤ ነፃነት ሲመለስ ተቆፍሮ ወጥቶ ተተከለ። በቅርቡም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። እሱን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል ብለን አናምንም፤ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን።

ከምሳ በኋላ ሜክሲኮ አደባባይ ሄድን። እዚህ ያለው ከተማ ሌላ ነው። መስታወት የለበሱ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ከላያችን ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ ባቡር። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። አባባ ቀና ብለው ፎቁን ሊቆጥሩ ሞከሩ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ፤ ተዉት።

እትዬ የጣቢያውን ጽሑፍ አዩ። «ሜ… ክ… ሲ… ኮ። ሜክሲኮ! የሰው ስም ነው?» ብለው ጠየቁ።

የሰው ስም አይደለም፤ የአገር ስም ነው። ሜክሲኮ ከአሜሪካ አገር በስተ ደቡብ ያለች ትልቅ አገር ናት። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲይዝ ብዙ መንግሥታት አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ግማሾቹም ኢትዮጵያ የጣልያን ናት ብለው ተቀበሉ። ሜክሲኮ ግን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አደባባዩ በስሟ ተጠራ።

ውለታው በዚያም በኩል አለ። የሜክሲኮ ዋና ከተማ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር አላት። ከጣቢያዎቹ አንዱ ስሙ ኢትዮጵያ ነው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። አስጎብኚው ይህን ሲናገር አንድ ነገር ጨመረ። እዚያ እያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱ ሥዕል አለው። ባቡሩ በ1961 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ነበርና፣ ሥዕሉን አይቶ እንዲወርድ ነው።

«ደጎች ናቸው» አሉ እትዬ። «እኔ እኮ ፌርማታ በጣቴ እየቆጠርሁ ነበር የምሄደው። አንዱ ካሳሳተኝ ጠፋሁ ማለት ነው።»

አባባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለጣቢያውስ ሥዕል ተሣለ። ለኔ ወረቀት ማን ሥዕል ይሥልልኝ ነበር?» አሉ።

ወደ ቤት የተመለስነው በባቡር ነው። ይህ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። መሥመሩ ሁለት ነው። አንዱ ወደ አያት፣ አንዱ ወደ ቃሊቲ ይሄዳል፤ ሜክሲኮ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ነው የሚያልፉት። ብዙ ጠበቅን። ባቡር ሲመጣ ሰው ተጋፋ፤ እኛ አስተማሪዎቹም ወሬ ይዘን ልንገባ እግራችንን አነሣን። እትዬ ከኋላ ልብሳችንን ያዙ።

«ኧረ ተመለሱ! ቃሊቲ ነው የሚለው!»

እውነትም ቃሊቲ ይላል። አሥራ አራታችንንም ያዳኑን እሳቸው ናቸው። እስከ አያት ድረስ ተሳቀብን፤ የሚገባን ነው።

አባባ በመንገዱ ሁሉ ዝም ብለው ነበር። አያት ወርደን ወደ አባዶ ታክሲ ስንጠብቅ «ወረቀቷ አለች። ሣጥን ውስጥ ናት» አሉን።

ረቡዕ ማታ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ። ከታች ሰማያዊ አሻራቸው አለ። አንዳችን እናንብብልዎ ብለን እጃችንን ዘረጋን። «የለም፣ እኔው ነኝ» አሉ። መነጽር ተዋሱ፤ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረጉ። ቋንቋው የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ስለሆነ ይከብዳል፤ ያልገባቸውን ቃል እየጠየቁ እኛም እያስረዳን እንሄዳለን። ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ከአንዱ ገጽ ግማሹን አንብበዋል።