ቅማል ለቀማ ሙያ ሲሆን

ልጅን ጉልበት ሥር አስቀምጦ ፀጉሩን እየገለጡ መቅመል የእናት፣ የአክስት፣ ሲብስም የጎረቤት ሥራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ቀጠሮ የሚያዝለትና ደረሰኝ የሚቆረጥለት ሙያ ከሆነ ሰንብቷል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ3 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 12 ሚሊዮን ጊዜ የራስ ቅማል እንደሚከሰት ይገምታል። ይህን ያህል ደንበኛ እያለ ሱቅ ባይከፈት ነበር የሚገርመው።

ቀጠሮው በፍተሻ ይጀምራል። ባለሙያዋ (ብዙ ጊዜ ሐኪም አይደለችም) ልጁን ደማቅ መብራት ሥር ታስቀምጥና ፀጉሩን በውሃና በኮንዲሽነር ታርሰዋለች፤ እርጥብ ፀጉር ላይ ቅማል እንዳሻው አይሮጥም። ፀጉሩን በመቆንጠጫ ከፋፍላ፣ ጥርሱ የጠበበ የብረት ማበጠሪያ ከራስ ቆዳው አስነክታ እስከ ጫፍ ትስባለች፤ በሳበች ቁጥር በነጭ ሶፍት ትጠርገዋለች። ሰሊጥ የሚያህል ቡናማ ነገር ሶፍቱ ላይ እግሩን ሲያወራጭ ከታየ ጥርጣሬው አበቃ። ከጆሮ ኋላና ማጅራት ላይ ቆየት ትላለች፤ ቅማል የሚወደው እዚያ ነው። እስራኤል ውስጥ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በማበጠሪያ መፈተሽ በዓይን ከማየት 4 እጥፍ ያህል የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል።

ሥራውን አድካሚ የሚያደርገው ግን ቅጫሙ ነው። እንስቷ ዕንቁላሏን ከራስ ቆዳ አጠገብ ከፀጉሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ፎረፎር ሲነካ ይረግፋል፤ ቅጫም በጥፍር ተጎትቶም ያስቸግራል። ብዙዎቹ የቅማል መድኃኒቶች የሚገድሉት ተንቀሳቃሹን እንጂ ዕንቁላሉን አይደለም፤ በዚያ ላይ ቅማሉ ፐርሜትሪንን የመሰሉትን ነባር መድኃኒቶች ተላምዷል። ዕንቁላሉ በ7 እና በ10 ቀን መካከል ስለሚፈለፈል፣ አንድ ጊዜ ብቻ አክሞ «አለቀ» የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ።

አንዳንድ ቦታ ከማበጠሪያው ሌላ የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያም አለ። አመጣጡ ደስ ይላል። ዴል ክሌይተን የተባሉ የአእዋፍ ቅማል ተመራማሪ ከእንግሊዝ ወደ ዩታ ሲዛወሩ የምርምር ቅማሎቻቸው አልኖር አሏቸው፤ ምክንያቱ የዩታ ደረቅ አየር ነበር። የምርምር ሥራቸውን ያበላሸው ድርቀት ለልጆች ራስ መድኃኒት ቢሆንስ ብለው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር «ላውስበስተር» የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ30 ደቂቃ ሕክምና 98 በመቶ የሚሆነው ዕንቁላልና 80 በመቶ የሚሆነው የተፈለፈለ ቅማል ሞቷል። ገዳዩ ቃጠሎ ሳይሆን ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ቤት ባለው የፀጉር ማድረቂያ ልሞክር ማለት የልጅን ራስ ማቃጠል ነው።

ወላጅን ወደ እነዚህ ክሊኒኮች የሚነዳው ከማሳከኩ ይልቅ እፍረት ይመስለኛል። እኛ ዘንድማ «ቅማላም» ስድብ ነው። ፍርሃቱ መነሻ አለው፤ ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፈው ቅማል ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። ያ ግን የልብስ ቅማል ነው። የራስ ቅማል ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲታከክ ቆዳ ይቆስላል፤ በሽታ ግን አያዛምትም ማለት ይቻላል። አይዘልም፣ አይበርም፤ የሚተላለፈው በዋናነት ራስ ከራስ ሲነካካ ነው። ከራስ ላይ ከወረደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ስለሚሞት ፍራሽ አውጥቶ መጣል አያስፈልግም፤ ሰሞኑን የተጠቀሙበትን አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2022 መመሪያው ጤነኛ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት ቤት መቅረት የለበትም ብሏል። ልጅን ከክፍል አስወጥቶ ወደ ቤት የሚሰድ ትምህርት ቤት ጉዳቱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ታዲያ ለክሊኒኩ ከመቶ ዶላር በላይ መክፈል ያዋጣል? ጊዜ ለሌለው፣ ወይም መድኃኒቱ አልሠራ ላለው ወላጅ አዎ። ለሌላው ጥሩ ማበጠሪያ፣ ኮንዲሽነርና በየ3 ቀኑ ለሁለት ሳምንት የሚደገም ትዕግሥት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ነጭ ጋዝና የተባይ መርዝ ግን በፍጹም የልጅ ራስ ላይ አታፍስሱ፤ ጋዝ በእሳት ይያያዛል፣ መርዙም ከቅማሉ ይልቅ ልጁን ይጎዳል።