የሚመራ የበረዶ ሸርተቴ፤ ስለ መንሸራተቻውና ስለ ማሰሪያው

የሰሜን አገሮችን ሕዝቦች የእጅ ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንት የበረዶ ሸርተቴን በየዓይነቱ ሲከፋፍሉ ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት በረዶውን የሚነካውን የታችኛውን ክፍል ነው። በሰፊ ሳንቃ የሚሄደው አንድ ወገን፥ የጀልባ ቅርጽ ያለው ሌላ ወገን፥ በሁለት ረጃጅም መንሸራተቻዎች ላይ የቆመው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ተብሎ ይመዘገባል። ይህ አከፋፈል ለመዝገብ ይመቻል። ነገር ግን ሸርተቴውን ከቤተ መዘክሩ አውጥቶ በቁልቁለት ላይ ለሚነዳው ሰው ዋናው ጥያቄ መንሸራተቻው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፥ መንሸራተቻው ከላይኛው አካል ጋር በምን ተያይዟል የሚለው ነው። ሸርተቴ እንደ ነጂው ፈቃድ መታጠፉ ወይም አለመታጠፉ የሚወሰነው በዚሁ መጋጠሚያ ነውና።

ወደ ነገሩ ከመግባት በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ሸርተቴ» የተባለው ሰው ተቀምጦበት ወይም ተኝቶበት፥ አለዚያም ጭነት ተጭኖበት በበረዶ ላይ የሚሄደው ዕቃ ነው። «መንሸራተቻ» የተባለው ከሥሩ በርዝመቱ ተዘርግቶ በረዶውን የሚነካው እንጨት ወይም ብረት ነው። በአማርኛ በረዶ ሲባል ከዝናም ጋር የሚወርደው ጠጣር ፍሬም፥ ውሃ ረግቶ የሚሆነው ግግርም፥ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደው ነጭ ነገርም በአንድ ስም ይጠራሉ። ለሸርተቴ ሠሪ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ስለዚህ መለየት ባስፈለገበት ስፍራ ለስላሳው አመዳይ፥ ጠንካራው ግግር ተብሏል።

መንሸራተቻ በአመዳይ ላይ በቀላሉ የሚሄደው ከሥሩ እጅግ ቀጭን የሆነ የውሃ ሽፋን ስለሚፈጠርለት ነው። ባውደንና ሂዩዝ በ1939 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ይህ ውሃ የሚገኘው ከፍትጊያ ሙቀት መሆኑን አስረድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑ ቢታወቅም የሐሳቡ መሠረት ጸንቶ ቆይቷል። መንሸራተቻው ረዥምና ቀጥ ያለ ሲሆን ክብደቱ በሰፊው ይከፋፈላል፥ አመዳይም አይውጠውም። ነገር ግን ወደ ፊት መሄድን የሚያቀናው ይኸው ርዝመቱ ለመታጠፍ እንቅፋት ይሆናል። ሸርተቴው መንገዱን ሊለውጥ ሲል የመንሸራተቻው ፊት ወደ አንድ ጐን፥ ኋላው ደግሞ ወደ ሌላው ጐን መፋቅ አለበት፤ በርዝመቱ የሚንሸራተት ነገር በጐኑ ሲገፋ ማረሻ ይሆናል። ስለዚህ በደረቅ ሸርተቴ ላይ በሆዱ ተኝቶ የሚወርድ ልጅ መታጠፍ ሲፈልግ የጫማውን ጫፍ መሬት ላይ ይጐትታል። የተጐተተበት ጐን ፍጥነቱን ሲያጣ ሌላው ጐን ይቀድማል፥ ሸርተቴውም ይዞራል። በዚህ ጊዜ ፍጥነት ይጠፋል፥ ጫማ ያልቃል፥ በረዶ ፊትን ይሸፍናል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ዛፉ ወይም አጥሩ ሲቀርብ ሸርተቴው እሺ ለማለት መዘግየቱ ነው።

ለሁሉም ሥራ ግን ደረቅነት ጉድለት አይደለም። በግብፅ አገር በዴር ኤል በርሻ በሚገኘው በጀሁቲሆቴፕ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሣለው ሥዕል አንድ ግዙፍ ሐውልት በእንጨት ሸርተቴ ላይ ሆኖ በብዙ ሰዎች ሲጐተት፥ አንድ ሰውም በፊቱ ውሃ ሲያፈስ ያሳያል። በአሸዋ ላይ ለሚሄድ እንዲህ ላለ ሸክም የሚያስፈልገው አለመናጋት ነው፤ መታጠፉም የገመድ ጐታቾች ሥራ ነው።

በባሕር ግግር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግሪንላንድና የሰሜን ካናዳ ነዋሪዎች የሆኑት ኢኑዊቶች «ቃሙቲክ» የሚሉት ሸርተቴ ሁለት ረጃጅም መንሸራተቻዎችና በላያቸው የተረበረቡ ብዙ አግዳሚዎች አሉት። በጥንቱ አሠራር በአንዱም መገናኛ ላይ ችንካር አይገባበትም፤ እያንዳንዱ አግዳሚ «ሲል» ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቈዳ በተቈረጠ ጠፍር ከሁለቱም መንሸራተቻዎች ጋር ይታሰራል። አንባቢ የጠፍር አልጋን አሠራር ቢያስብ ከነገሩ አይርቅም። ነፋስና ማዕበል ያጋጨው የባሕር ግግር እንደ ፈረሰ የድንጋይ ካብ ወጣ ገባ ነው። አንዱ መንሸራተቻ በጕብታ ላይ ሲወጣ ሌላው በጐድጓዳ ውስጥ ይሆናል። በችንካር የተመታ ቢሆን ኖሮ ጭነቱ ሁሉ በችንካሩ ዙሪያ ስለሚያርፍ እንጨቱ በተሰነጠቀ ነበር። የታሰረው ግን ሸብረክ ይላል፥ ጕብታውን ያልፋል፥ ከዚያም ጠፍሩ ይስበውና ወደ ቦታው ይመለሳል። እንጨት ብርቅ በሆነበት ምድር የተሰበረ መንሸራተቻ የሚተካ አይደለም፤ ከሰፈር ርቆ በግግር ላይ የቀረ አዳኝም ከሸርተቴው ጋር ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ጆን ሮስ በ1818 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ያገኛቸው ሰዎች ሸርተቴያቸውን የሠሩት ከአጥንት ቍርጥራጭ ነበር፤ ቍርጥራጩን አንድ አካል ያደረገው የቈዳው ጠፍር ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ «በመንሸራተቻ የሚሄድ» ብሎ መዝግቦ ማለፍ ልብስን በጨርቁ ገልጾ ስፌቱን እንደ መርሳት ነው።

ይሁን እንጂ ማሰሪያው ላላ ማለቱ ብቻውን ሸርተቴውን የሚመራ አያደርገውም። ቃሙቲክ የሚተጣጠፈው በመሬቱ ፈቃድ ነው። መንገዱን የሚመራው ነጂው ነው፤ ውሾቹን በድምፅ ያዝዛል፥ በጐን እየሮጠ ፊቱን ይገፋል ወይም ይስባል፤ በግሪንላንድም ከኋላ በቆሙት ሁለት እጀታዎች ያዘነብለዋል። የማሰሪያው ተግባር የነጂው ጕልበት ደረቅ ሣጥን ለማዞር በከንቱ እንዳይባክን ማድረግ ነው። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 ዓ.ም. ግሪንላንድን በበረዶ መንሸራተቻ እግር ሲያቋርጥ ይህን ጥበብ በሚገባ ተረድቶት ነበር፤ ያሠራቸው የአሽ እንጨት ሸርተቴዎች መገናኛቸው በችንካር ሳይሆን በማሰሪያ የተያያዘ ነበር።

በነጂው ፈቃድ የሚተጣጠፈው ሸርተቴ ታሪክ ከአንድ የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ ሠሪ ጋር ይያያዛል። ሳሙኤል ሊድስ አለን በ1841 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ተወልዶ በ1918 ዓ.ም. የሞተ ሰው ነው። ኩባንያው «ፕላኔት ጁኒየር» በሚል ስም የዘር መዝሪያና የመኰትኰቻ መሣሪያዎችን ይሠራ ነበር። ይህ ሥራ በወራት የተወሰነ ስለ ነበር ገበያው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሠራተኞቹን የሚያቆይ ሌላ ዕቃ መፈለጉ ለሸርተቴው ምክንያት ሆኖ ይነገራል። አለን ብዙ አምሳያዎችን ሠርቶ በፔንሲልቬንያ በዌስትታውን ትምህርት ቤት ተማሪዎች አስሞከረ፤ ነሐሴ 13 ቀን 1889 ዓ.ም. በቍጥር 408,681 የፈጠራ መብት ተሰጠው። የሸርተቴው ስም «ፍሌክሲብል ፍላየር» ነው፤ ይኸውም «ተለማጭ በራሪ» እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢ አልበረከተለትም፤ ኋላ ግን የትላልቅ ከተሞች መደብሮች ተቀብለውት በአሜሪካ የልጆች ሁሉ ሸርተቴ እስከ መሆን ደረሰ። አለን የመሠረተው ኩባንያ በ1968 ዓ.ም. ለሌላ ተሸጧል።

የአለን ሥራ ትልቁ ነገር ምንም የተለየ መሪ አለመጨመሩ ነው። እንደ መርከብ መሪ ያለ ነገር ከኋላ አልቀጠለም። ሁለቱን የብረት መንሸራተቻዎች ከኋላ አጥብቆ፥ ከፊት ግን ለቀቅ አድርጎ በመካከሉ በሚዞር አግዳሚ አገናኛቸው። ነጂው አግዳሚውን በእጁ ወይም በሰውነቱ እግር ወደ ግራ ሲገፋው የሁለቱም መንሸራተቻዎች ፊት በአንድነት ወደ ግራ ይለመጣል። ቀጥ ያለው መስመር ቅስት ይሆናል፤ ቅስት የሆነ መንሸራተቻም ፊቱ በሄደበት ፈለግ ኋላው ስለሚከተል እንደ ማረሻ መፋቁ ይቀንሳል። ነጂው ሲለቀው ብረቱ በራሱ ይቀናል።

ይህ የሚሆነው ብረቱ ወደ ጐን ተለማጭ፥ ወደ ላይና ወደ ታች ግን የማይበገር ሲሆን ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 20 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት ዘንግ ለላይኛው ሸክም የሚያሳየው ጥንካሬ ለጐን ግፊት ከሚያሳየው 16 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የሰውን ክብደት ተሸክሞ ሳለ ለአንድ ልጅ ክንድ ይታዘዛል። አለን ለዚህ የመረጠው ቅርጽ እንደ ላቲኑ «ቲ» ፊደል ያለ ነው። ልምጠቱ እጅግ ጥቂት መሆኑ ሊያስደንቅ ይችላል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው መንሸራተቻ በመካከሉ በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጐብጥ፥ ከማዕከሉ እስከ ዳሩ 12 ሜትር ተኩል በሆነ ክብ ላይ ይሄዳል፤ በ2 ሳንቲ ሜትር ቢጐብጥ ክቡ በግማሽ ይጠብባል። በእውነተኛው ሸርተቴ የሚለመጠው በይበልጥ የፊቱ ክፍል ስለ ሆነ ቅስቱ እንደ ሒሳቡ ፍጹም አይደለም፤ ኋላው ጥቂት መፋቁ አይቀርም።

ልምጠት ግን ከፍጥነት ጋር መመዘን አለበት። በዚያው በ12 ሜትር ተኩል ክብ ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚሄድ ሸርተቴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው የጐን ኃይል የክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ኃይል አራት እጥፍ፥ ማለት ከክብደቱ አራት አምስተኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ሸርተቴው ወይ ወደ ጐን ያመልጣል ወይ ይገለበጣል። የመንሸራተቻው ጠርዝ ስለት ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ በጠጠረ በረዶ ላይ የሚነክስ ጠርዝ ከሌለ የፊቱ መለመጥ ከንቱ ነው።

ሌላው መንገድ መለመጥን ትቶ መንሸራተቻን በሁለት መክፈል ነው። በሰሜን አሜሪካ ግንድ የሚያጓጕዙ ሰዎች ሁለት አጫጭር ሸርተቴዎችን በፊትና በኋላ አድርገው፥ የፊተኛውን በመካከሉ በቆመ ወፍራም ብረት ላይ እንዲዞር ያደርጉ ነበር። በስዊስ አገር በሳን ሞሪትስም በ1880ዎቹ መጨረሻ ዊልሰን ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሁለት ሸርተቴዎችን በሳንቃ አገናኝቶ እስከ ቸሌሪና ወርዷል። ከዚህ የመጣው ቦብስሌይ በ1924 ዓ.ም. በሻሞኒ ከተደረገው የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ጀምሮ የውድድር ዓይነት ሆኗል። በፊተኛውና በኋለኛው መካከል 1 ሜትር ቢኖርና ፊተኛው 10 ዲግሪ ቢዞር ክቡ 6 ሜትር እንኳ አይሞላም። አጠማዘዙ ስል ነው፤ ለከባድና ለረዥም ሸርተቴም ከዚህ የተሻለ የለም። ለአንድ ሰው ቀላል ሸርተቴ ግን የተለመጠው ይበልጣል ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ የሚዞረው ፊት ሳይታሰብ ከመጠን በላይ ሲጠመዘዝ ነጂውን ይጥላል፥ በራሱም አይቀናም፤ ተለማጩ ብረት ግን እየተለመጠ በሄደ መጠን ስለሚከብድ ልኩን ለእጅ ይናገራል።

የኢትዮጵያ ገበሬም ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው በምራን እንጂ በችንካር አይደለም፤ በሬዎቹ በትልሙ ጫፍ ሲዞሩ መጋጠሚያው እሺ ማለት አለበትና። ከበረዶ አገር የራቀ ይህ ማሰሪያ የቃሙቲክ ዘመድ ነው ለማለት አይደለም። ላላ ብሎ የተያዘ መጋጠሚያ የአሠራር ጉድለት ሳይሆን ታስቦ የተደረገ መሆኑን ለማየት ግን ይረዳል።

በስካንዲናቪያ በ1870 ዓ.ም. ገደማ የታወቀው በእግር እየተገፋ የሚሄደው ሸርተቴ ይህንኑ ያሳያል። ነጂው ከኋላ ቆሞ አንዱን እግሩን በመንሸራተቻው ላይ ያሳርፋል፥ በሌላው መሬቱን ይረግጣል። የጥንቱ በደረቅ እንጨት የተሠራና ከባድ ነበር፤ ከ1909 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቀጭን የብረት መንሸራተቻ ከገባለት በኋላ ግን ነጂው እጀታውን በመጠምዘዝ ብቻ ያዞረዋል። በ1964 ዓ.ም. በኢንስብሩክ ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው ሉዥም እንዲሁ ነው፤ በጀርባው የተኛው ተወዳዳሪ የመንሸራተቻውን የፊት ቅስት በባቱ ሲጫነው፥ በትከሻውም ክብደቱን ሲያዛውር ሸርተቴው ይታጠፋል።

እንግዲህ አለን የመተጣጠፍ ፈጣሪ ተብሎ ሲጠራ ልክ ማበጀት ይገባል። የእርሱ ድርሻ መተጣጠፍን ከመሬቱ ፈቃድ አውጥቶ በነጂው እጅ ማስገባቱ ነው፤ ይህም ትንሽ አይደለም። የእርሱ ሥራ በቍጥርና በቀን ተመዝግቦ ሲገኝ የኢኑዊት አሠራር ግን ያለ ስም የቀረበት አንዱ ምክንያት የዕቃው ጠባይ ነው። እንጨትና አጥንት በረግረግና በግግር ውስጥ ሺህ ዓመታት ሲቈዩ ጠፍር አብዛኛውን ጊዜ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቈፋሪው የሚያገኘው መንሸራተቻ ነው፤ አከፋፈሉም መንሸራተቻን ተከተለ። የጠፍሩ ምልክት ግን በቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ጠፍር የፋቀው ቀዳዳ ዳሩ ይለሰልሳል፥ መፋቁም በተሳበበት አቅጣጫ ያዘነብላል፤ በጥብቅ የተመታ ችንካር ግን ይህን አይተውም። የቤተ መዘክር መዝገብ የመንሸራተቻውን ርዝመት ከመጻፍ ጋር የቀዳዳውን ብዛት፥ ርቀትና አፋፋቅ ቢጽፍ ሸርተቴው ምን ያህል ይተጣጠፍ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ በካናዳ ሰሜን ቃሙቲክን በብዙ ስፍራ የሚጐትተው የበረዶ ሞተር ነው። መንሸራተቻው በፕላስቲክ ተለብጧል፥ የሲሉ ጠፍርም በናይለን ገመድ ተተክቷል። አግዳሚው ግን ዛሬም በችንካር ሳይሆን በማሰሪያ ይያዛል።