ቢ.ቢ. ኪንግ፣ ሄንድሪክስ ወይስ ሰላም ስዩም? የጊታር ክርክር በፊዚክስ ሲመዘን

የጊታር ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ፦ «ማን ይበልጣል?» ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ሦስት ጓደኛሞች ስልክ መሃል አድርገው ይህንኑ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «ጂሚ ሄንድሪክስን የሚያክል አልተፈጠረም» ይላል። ሁለተኛው «ቢ.ቢ. ኪንግ በአንድ ኖታ የሚናገረውን ሌላው በመቶ ኖታ አይናገረውም» ባይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሰላም ስዩምን ሳትሰሙ ነው እንዴ የምትከራከሩት?» ብሎ የሮሃ ባንድን ዘፈን ከፈተ።

ጊታር የሚለማመደው ይሄ ሦስተኛው ልጅ ነው። በመጨረሻ የተናገረው ነገር ግን ከክርክሩ በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ፦ «እነሱ እኮ ዕቃ አላቸው። በእኔ ጊታር ማንም ምንም አያመጣም፤ ሸጬው ልገላገል መሰለኝ።»

የምህንድስና ሰው ነኝና ወዲያው ተስማማሁለት። «ልክ ነህ፣ ድምፁን የሚሠራው ጊታሩና አምፕሊፋየሩ ነው» አልኩት። ቤት ገብቼ ሒሳቡን ስሠራው ግን መልሴ ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። እስኪ አብረን እንየው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

በጊታር ክርክር ውስጥ በቀላሉ የሚቆጠረው ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ ስንት ኖታ ተመታ? በዚህ መለኪያ ከሄድን ግን ኮምፒውተር ሁሉንም ያሸንፋል። ለኮምፒውተር ደጋፊ ሆኖ ሲከራከር ያያችሁት ሰው አለ? እኔ የለም።

አድናቂ የሚወደውን ጊታሪስት የሚለየው በሁለትና በሦስት ኖታ ነው። ስለዚህ መልሱ መኖር ያለበት በአንዲት ኖታ ውስጥ ነው። አንዲት ኖታ ውስጥ ደግሞ ሦስት ነገሮችን መለየት እንችላለን፦ የድምፁ ከፍታ በምን መንገድ እንደተጓዘ፣ ክሩ የት ላይና እንዴት እንደተመታ፣ ከዚያም ዕቃው ምን እንደጨመረበት።

ፍሬት አጥር ነው

ጊታር አንገት ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ሥራቸው አንድን ኦክታቭ 12 እኩል ደረጃ ላይ መክፈል ነው። አንድ ፍሬት ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ክሩ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው፣ በ1.0595 ይባዛል። 12 ጊዜ ሲባዛ ልክ እጥፍ ይሆናል። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ 36.4 ሚሊ ሜትር ላይ፣ 12ኛው ደግሞ እኩሌታው፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ ይቀመጣል።

በሙዚቃ ልኬት ከአንዱ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 100 ሴንት ይባላል። 300 ሴንት ላይ መቆም ትችላላችሁ፤ 400 ላይም እንዲሁ። 350 ላይ ግን ፍሬት የለም።

አሁን ማሲንቆን አስቡ። ክሩ አንድ ነው፣ የፈረስ ጭራ። ፍሬት የለውም። ጣት ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም፤ በጎን ይነካዋል እንጂ። አዝማሪው 300 ላይ መቆም ይችላል፣ 340 ላይም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያንሸራተተ መሄድም ይችላል። የሰው ጉሮሮም እንደዚሁ ነው፤ ማሲንቆ ዘፋኙን ተከትሎ «ሲናገር» የሚመስለን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የብሉዝ ዘፋኞችም ከ300 እስከ 400 ሴንት ባለው መሃል፣ በትንሹና በትልቁ ሦስተኛ ድምፅ መካከል፣ ብዙ ይመላለሳሉ። ብሉዝን ብሉዝ ከሚያሰኙት ድምፆች አንዱ እዚያ ነው ያለው። ጊታሩ ግን እዚያ ቦታ ላይ አጥር ሠርቷል። ታዲያ ምን ይደረግ?

አጥሩን መዝለል

አንዱ ዘዴ ማንሸራተት ነው። በአሜሪካ ሚሲሲፒ አካባቢ ብዙ የብሉዝ ተጫዋቾች በልጅነታቸው የጀመሩት ቤት ግድግዳ ላይ በተወጠረች አንዲት ሽቦ ነው። ሽቦዋን እየመቱ ጠርሙስ ያንሸራትቱባታል። አንድ ክር፣ ፍሬት የሌለው፤ የማሲንቆ ወዳጅ ቢያያት ዘመድ ትሆንበታለች። በኋላ ያንኑ ጠርሙስ ወይም ቱቦ ጣታቸው ላይ አጥልቀው ወደ ጊታር አመጡት።

ቢ.ቢ. ኪንግ (1925–2015) በዚህ ዘዴ የሚጫወት ዘመድ ነበረው፤ ቡካ ዋይት ይባላል። ኪንግ ማንሸራተቱ አልሆንልህ ስላለው ያንን ድምፅ ለማምጣት ጣቱን ክሩ ላይ ማንቀጥቀጥ እንደጀመረ ራሱ ይናገር ነበር። አድናቂዎች በአንድ ኖታ የሚለዩት ድምፅ የተወለደው እንግዲህ ካለመቻል ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ክሩን ወደ ጎን መግፋት ነው። ሒሳቡ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። የክር ፍሪኩዌንሲ የሚያድገው በውጥረቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ድምፁን በሁለት ፍሬት ያህል ከፍ ለማድረግ ፍሪኩዌንሲው በ12 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ውጥረቱ በ26 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። በኤሌክትሪክ ጊታር የተለመደ ሦስተኛ ክር በ7.5 ኪሎ ገደማ ይወጠራል። ያ ማለት ጣት ክሩን እየገፋ ውጥረቱን ወደ 9.5 ኪሎ ያደርሰዋል።

ጉልበቱ አይደለም ግን የሚደንቀው። የሠለጠነ ጆሮ የ10 ሴንት ስህተትን ይይዛል። እዚያ ከፍታ ላይ 10 ሴንት ማለት የ110 ግራም ያህል የውጥረት ልዩነት ነው። ጊታሪስቱ 9.5 ኪሎ ወጥሮ 110 ግራም ሳይስት ይቆማል፤ ከዚያም እዚያው ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ይህን የሚሠራ አምፕሊፋየር የለም። ጣትና ጆሮ ብቻ ናቸው የሚሠሩት።

እጅ ድምፅን እንዴት እንደሚቀርጽ ሁለት ምሳሌ ልጨምር። አልበርት ኪንግ ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተወጠረ ጊታር ክሩን ሳይቀይር ገልብጦ ይጫወት ስለነበር ቀጭኖቹን ክሮች ወደ ላይ ከመግፋት ይልቅ ወደ ታች ይስባቸው ነበር። የብላክ ሳባቱ ቶኒ አዮሚ ደግሞ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፍ ተቆረጠበት። ክሩ እንዲላላለት ብሎ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው አንዳንድ ዘፈኖች ላይ ዝቅታው ሦስት ፍሬት ያህል ነበር፤ ስናሰላው ውጥረቱ በ29 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። ያ የከበደ ድምፅ የሄቪ ሜታል መለያ ሆኖ ቀረ።

ባቲና ብሉዝ የሚገናኙበት

ዋግ በቀድሞው አስተዳደር የወሎ አንድ አውራጃ ነበር። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ ስማቸውን የያዙት ከወሎ ቦታዎች ነው። እስኪ አንዱን እንቁጠረው። ከመነሻው ድምፅ ጀምረን በፍሬት ስንቆጥር የባቲ ማይነር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ላይ ይቆማል። የብሉዝ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚማረው ባለ አምስት ድምፅ ስኬልስ? 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10። አንድ ናቸው! ትዝታ ሜጀርም 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ሆኖ ቢ.ቢ. ኪንግ ከሌላው ጋር እያደባለቀ ከሚጠቀምበት ስኬል ጋር ይገጥማል።

ይሄ ማለት ግን ብሉዝ ከወሎ ሄደ ወይም ባቲ ከሚሲሲፒ መጣ ማለት አይደለም። ባለ አምስት ድምፅ ስኬል በብዙ የዓለም ክፍል አለ። ድምፆቹ አንድ ሆነው ሙዚቃው የሚለያየው ማረፊያው፣ ምቱና ጌጡ ስለሚለያይ ነው። አምባሰልን ብትቆጥሩት ደግሞ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ነው፤ የብሉዝ ልምድ ብቻ ያለው ጣት እዚህ ላይ ይደናገራል።

የሰላም ስዩም ደጋፊ ክርክሩ ውስጥ ጠንካራ ነጥብ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ሰላም በኢቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታር የተጫወተ ነው። ማህሙድ አህመድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) «ኤሬ መላ መላ»ን የሠራው ከኢቤክስ ጋር ነበር። የእነዚያ ዓመታት ጊታሪስቶች የሮክና የሶል መሣሪያ ይዘው ለክራርና ለማሲንቆ የተሠራ ቅኝት መጫወት ነበረባቸው። ግሩም መዝሙር ደግሞ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የቆዩ ዜማዎቻችንን ያለ አምፕሊፋየር ጩኸት እንዴት መጫወት እንደሚቻል አሳይቷል። ከሄንድሪክስ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ የተሰጣቸው የቤት ሥራ የተለያየ ነው።

ክሩን የት ትመቱታላችሁ?

ይህን ቤታችሁ ሞክሩት፤ ክራር ካለም ይበቃል። አንዱን ክር ልክ መሃሉ ላይ ምቱት። ከዚያ ያንኑ ክር ጫፉ አጠገብ ምቱት። የመጀመሪያው ክብና ለስላሳ፣ ሁለተኛው ስለታም ይሆናል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ክር ሲርገበገብ በሙሉ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን በግማሹ፣ በሲሶው፣ በሩቡም አብሮ ይርገበገባል፤ እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። በግማሽና በሩብ የሚርገበገቡት ሁሉ መሃል ላይ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ መሃሉ ላይ ሲመታ አይነሱም፤ ዝም ይላሉ። ጊታሪስት እጁን ጥቂት ሴንቲ ሜትር በማንሸራተት ብቻ ድምፁን ይቀይራል ማለት ነው።

የዕቃው ድርሻ

ዕቃው ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ በፊት ያልነበሩ ሃርሞኒኮች ይወልዳል፣ ኖታውም ረዘም ብሎ ይቆያል። 110 እና 165 ኸርዝ አብረው ሲገቡ ደግሞ የልዩነታቸው 55 ኸርዝ ይጨመራል፤ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ፣ ማንም ያልመታው ድምፅ። የሮክ ጊታር የሚያስገመግመው አንድም በዚህ ነው።

ድምፅን አውቆ «ማሻከር» ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። በገና ላይ በክሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ሥራው ክሩ እየነካው እንዲነዝር ማድረግ ነው። ያለ ኤሌክትሪክ ሃርሞኒክ ያበዛል።

እንግዲህ ድምሩ ይሄ ነው፦ መሻከሩን፣ ጩኸቱንና መቆየቱን ዕቃ ይሰጣል። የድምፁን መንገድ፣ ምቱን፣ ዝምታውን የሚሰጠው እጅ ነው። አድናቂዎች «በአንድ ኖታ አወቅኩት» የሚሉትም በአብዛኛው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ለልጁ ደውዬ የቀድሞ መልሴን አነሳሁበት። «ጊታርህን ከመሸጥህ በፊት አንድ ነገር ፈትሽ» አልኩት። «12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በስሱ ነክተህ ምታው፤ ቀጥሎ ተጭነህ ምታው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ችግሩ ጊታሩ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ክሩን ቀይረህ እየው። እኩል ከሆኑ ግን ሰበብ የለህም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አጠገብ ቁጭ በልና ድምፁን በጣትህ ተከተለው። ቢ.ቢ. ኪንግ ከዘመዱ የተማረው እንደዚያ ነው።»

ከሳምንት በኋላ መልሶ ደወለልኝ። ክሩን ሲቀይረው እኩል መጥቷል፣ ጊታሩም አልተሸጠም። «ግን» አለኝ፣ «አሁንም ሰላም ስዩም ይበልጣል።»