ስለ ዝሆኔ ሕክምና ሙከራ፤ በአነደድ ወረዳ ከተደረገው ጥናት

እኛ በዘንዘልማ ግቢ እርሻ የምንማር ተማሪዎች አፈርን የምንመረምረው ለሰብሉ ስንል ነው። ይሁን እንጂ ቀዩ የደጋ አፈር በባዶ እግሩ ለሚሄድ ገበሬ የደዌ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ዝሆኔ የሚባለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጽ ያሰብነው፣ ብዙ ዘመን ከዝሆኔ ጋር የኖረ ሰው ወደ ሕክምና ሙከራ ሲገባ ምን ማወቅ እንደሚገባው ነው። ለዚህም በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ የተደረገውን ሙከራ ምሳሌ አድርገናል።

በቆላ አገር ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ምክንያት እግር የሚያብጥበት በሽታ አለ። የደጋው ዝሆኔ ግን ከዚያ የተለየ ነው። በ1960ዎቹ ዓ/ም በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንደ ገለጠው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ የቀይ አፈር ብናኝ በእግር ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያውካል። በ2004 ዓ/ም የታተመ ጥናት ደግሞ ለበሽታው ተጋላጭ መሆን ከወላጅ እንደሚወረስ አሳይቷል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ሆኖም ሕመምተኛው ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለም ብዙ ሰው እግሩን የሚሸፍነው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሕመሙ መነሣት ነው። እግሩ በድንገት ይግላል፣ ያብጣል፤ ሕመምተኛው ያተኩሰዋል፣ ከሥራም ይቀራል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙናና ተሕዋስያንን በሚገድል መድኃኒት መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ አስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ይህ ሲሠራበት ቢቆይም፣ የሕመሙን መነሣት ምን ያህል እንደሚቀንስ በሰፊ ሙከራ አልተመዘነም ነበር።

በ2007 ዓ/ም 696 ሕመምተኞች ወደ ሙከራው ገቡ። 346ቱ ሕክምናውን ወዲያው እንዲጀምሩ፣ 350ዎቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ በዕጣ ተመደቡ። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው የአካባቢው ሰው ስለ በሽታውና ስለ ምርምር ያለውን አስተሳሰብ ጠይቀው፣ የፈቃድ አጠያየቃቸውን በዚያው መሠረት አዘጋጁ።

እንግዲህ ወደ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚገባ ሰው ሦስት ነገር ሊረዳ ይገባዋል። አንደኛ፣ ዕጣው ድኽነትን፣ ዝምድናን ወይም የሕመምን ጽናት አይመለከትም፤ ይህም በጣም የታመመውን ከሚያስቀድመው የሐኪም ልማድ የተለየ ነው። ሁለተኛ፣ ዕጣው «ቆይ» ካለው ዓመቱን ሙሉ ሕመሙን ይዞ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ እምቢ ማለትም ሆነ መተው መብቱ ነው። ለብዙ ዓመት መድኃኒት የፈለገ ሰው የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ ይይዛል፤ ስለዚህ «እሺ» ማለቱ ብቻ መረዳቱን አያሳይም።

አሁን የሚያመውን ሰው ዓመት ጠብቅ ማለት ይገባልን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኛ እንደሚመስለን፣ የሚጠብቁት ሰዎች ሕመም ካልተቈጠረ የሕክምናው ጥቅም በትክክል አይታወቅም፤ የእነርሱ ድርሻ ከታከሙት አያንስም። እንዲህ ከሆነ ግን መጠበቁ ሳይሸፋፈን ሊነገራቸው፣ የተገባላቸውም ቃል ሊፈጸም ግዴታ ነው።

ውጤቱ በ2010 ዓ/ም ታተመ። በሚጠብቁት ዘንድ ሕመሙ ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሣ፣ ወዲያው በታከሙት ዘንድ 19.4 ጊዜ ሆነ፤ አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ጥቅም ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። ፈውስ ተስፋ ተሰጥቶት የገባ ሰው በ19ኙ ያዝናል፤ እውነቱ ተነግሮት የገባ ግን በአራቱ መቅረት ያተረፈውን የሥራ ቀን ይቈጥራል። የሙከራ ፈቃድ ከፊርማ በፊት በሚነገረው ቃል የሚመዘነው በዚህ ምክንያት ነው።