በሠዓሊ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የኮሌታ ማስታወቂያ

የሸሚዝ ኮሌታ እጅግ ተራ ከሆኑት ሸቀጦች አንዱ ነው። ሆኖም በኖቬምበር 1922 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ቫኒቲ ፌር በተባለው የኒው ዮርክ መጽሔት የወጣ የአንድ ኮሌታ ማስታወቂያ ከሸቀጡ ዕድሜ በላይ ኖሯል።

ኮሌታውን የሠራው የጆርጅ ፒ. አይድ ኩባንያ ሲሆን፣ መቀመጫውም በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በትሮይ ከተማ ነበር። ትሮይ «የኮሌታ ከተማ» እየተባለች ትጠራ ነበር። በ1827 ሐና ሞንታግ የተባለች የዚያች ከተማ እመቤት፣ ከባሏ ሸሚዝ ፈጥኖ የሚያድፈው ኮሌታው ብቻ መሆኑን ተመልክታ፣ ኮሌታውን ቈርጣ ለብቻው ማጠብ ጀመረች ይባላል። ከአንዲት ሴት የእጥበት ድካም ብዙ ሠራተኞችን የሚያኖር ኢንዱስትሪ ወጣ።

በ1922 ግን ይህ ንግድ ሥጋት ላይ ወድቆ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከሸሚዙ ጋር የተሰፋው ለስላሳ ኮሌታ፣ ደረቁንና ተነቃዩን ኮሌታ ከገበያ ይገፋው ጀመር። ተፎካካሪው የአሮው ኮሌታም ጆሴፍ ክርስቲያን ላየንዴከር በተባለ ሠዓሊ በሚሣሉ መልከ መልካም ጐልማሶች አማካይነት ይታወቅ ነበር። ደንበኛው ኮሌታውን ሳይሆን ሰውየውን ይገዛ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የአይድ ማስታወቂያ የተያዘው በሌላ መንገድ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ፖል አውተርብሪጅ የ26 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ገና በ1921 ነበር በኒው ዮርክ በክላረንስ ኋይት የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው። አንድ ኮሌታ ወስዶ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ባሉት ገበታ ላይ ብቻውን አቆመው። ሰው የለም፤ አንገት የለም፤ ከረባትም የለም። የገበታው ቀጥተኛ መሥመሮች የኮሌታውን ጥምዝ ያጐሉታል፤ ጥቁሮቹ ካሬዎች የጨርቁን ንጣት ያወጡታል። ገዢ በሱቅ ውስጥ በጣቱ ዳስሶ የሚመረምረውን ሁሉ፣ ይኸውም የጠርዙን አሠራር፣ የአቋሙን ድርቀትና የቅርጹን አወራረድ፣ ፎቶግራፉ ያለ አንዳች ማባበያ ያሳያል። ጫማ ወይም የቆዳ ቦርሳ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ፣ ዕቃውን በአበባና በመጋረጃ አስከብቦ ፎቶግራፍ ከማስነሣቱ በፊት ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ቢመለከት አይጐዳም።

ይህን ገጽ ከመጽሔቱ ቀዶ በፓሪስ በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ማርሴል ዱሻን ነው። ዱሻን በሱቅ ዕቃ ላይ የተለየ ዓይን ነበረው። በ1914 ከአንድ የፓሪስ መደብር የጠርሙስ ማድረቂያ፣ በ1915 ደግሞ ከኒው ዮርክ የበረዶ መዛቂያ አካፋ ገዝቶ፣ ዕቃዎቹን እንዳሉ የሥነ ጥበብ ሥራ ናቸው ብሎ ነበር። (ሻጮቹ ምን እንደ ሸጡ የጠረጠሩ አይመስልም።) ከዚህም ሌላ በውድድር የሚሰለፍ የቼዝ ተጫዋች ስለ ነበር፣ በካሬ ገበታ ላይ ብቻውን የቆመው ኮሌታ ዓይኑን መሳቡ አያስደንቅም። እርሱ በሐሳብ የደረሰበትን ነገር፣ ማለት ተራው ዕቃ በራሱ ሊታይ እንደሚገባው፣ አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ለንግድ ሥራ ብሎ በካሜራ አድርጎት አገኘው። ዱሻን ራሱም ከማስታወቂያ ሥራ የራቀ አልነበረም፤ በ1925 ኒስ ላይ ለተደረገው የፈረንሳይ የቼዝ ሻምፒዮና የግድግዳ ማስታወቂያውን የነደፈው እርሱ ነው።

በዚያው በ1925 አውተርብሪጅ ወደ ፓሪስ በተሻገረ ጊዜ ለኮሌታ ነጋዴ የሠራው ገጽ በዱሻን ክፍል ተሰቅሎ እንዳየ ይነገራል። እስከ 1929 በኤውሮፓ ሰንብቶ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለመጽሔቶችና ለማስታወቂያ ባለቀለም ፎቶግራፍ በማንሣት የታወቀ ሆነ፤ በ1940ም ስለ ባለቀለም ፎቶግራፍ አነሣሥ መጽሐፍ አሳተመ። ተነቃዩ ኮሌታ ከዕለት ልብስነት ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።